ከሽማግሌው ጀርባ የነበረው ድልድይ

ከሰመራ ተነሥቼ አዋሽ የገባሁት ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነበር። እግሬ አብጦ፣ የሞተሩ ድምፅ ከጆሮዬ ሳይወጣ እህቴ ሱቅ ደረስኩ። መጀመሪያ ያየሁት ግን እሷን ሳይሆን ዓይኑ የታሰረ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ የሌለ ነገር ይዳብሳል። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ድረስ ነጭ ሣጥን መሳይ ነገር ሸፍኖታል። ጓደኞቹ በሩን ሞልተው ቆመዋል።

"ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ዳገቱ ላይ ልትቀር ነው" ይለዋል አንዱ።

"ተወው፣ በሕይወቱ ሳይጭን የሄደው ዛሬ ነው" ይላል ሌላው።

እህቴ ገና ሳትስመኝ፣ "ግቢ እታለም፣ አይናከስም" አለችኝ።

እህቴ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። እናታችን ታማ ስትተኛ እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ አሳደግኋት፤ ስለዚህ ፊደል የቆጠረችው ቀድማኝ ነው። በኋላ፣ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ የማታ ትምህርት ስጀምር፣ ከጎኔ ተቀምጣ ያስጠናችኝ እሷው ናት። ያንን እስከ ዛሬ አትረሳልኝም። እኔም ዘግይቶ የተማረ ሰው የሚሆነውን ሆንኩ፤ የያዝኩትን ነገር እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ አልተውም፣ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ ማለፍ አልችልም። አሁን ሰመራ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጻሕፍት ይመጣሉ፣ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ፣ በየቦታቸው እደረድራቸዋለሁ። እህቴ፣ "አንቺ ሰውንም ቁጥር ለጥፈሽ መደርደሪያ ላይ ብታቆሚው ደስ ይልሻል" ትለኛለች።

የእህቴ ሱቅ አባታችን ባቡር ጣቢያው ሲሠራ በኖርንበት ሰፈር ነው። ፎቶ ታነሣለች፣ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ ለሹፌሮች ዘፈንና መንዙማ በፍላሽ ትጭናለች። ዓይን ላይ ሲታሰር ሌላ ቦታ የቆሙ የሚያስመስለውን ያን መነጽር በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ ደንበኛዋ ነው ያመጣላት። የማን ሥራ እንደሆነ ስጠይቃት ስልኳን ከፍታ፣ ለቅሶውም ሠርጉም ስድቡም የሚለጠፍበትን ገጽ አሳየችኝ።

"የዚያው፣ የሁላችን ኩባንያ" አለች።

ነገሩን ጋዜጣ ላይ አንብቤው ነበር። ኩባንያው ለዓመታት በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሸጦልን አያውቅም፤ እኛ እንጽፍለታለን፣ እሱ ያሳየናል፣ በዚያ ይኖራል። ከዚያ መነጽር የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ገዛ። ገዝቶም አልተቀመጠ፤ ተራው ሰው ቤቱ የሚያስገባው ዕቃ ይሁን ብሎ ደጋግሞ ሠራው፣ አቀለለው፣ ገመዱን ቆረጠለት። ያን ጊዜ ሳነበው ያልገባኝ፣ የሰው ወሬ በመሰብሰብ የሚያድር ድርጅት የሰው ዓይን መሸፈን ምን እንደሚጠቅመው ነበር። እህቴ ሱቅ ውስጥ ሳየው በጥቂቱ ገባኝ። ዕቃው ሲከፈት ገና ማን ነሽ ይላል። በዚያው ገጽ ስም ካልገቡ በር አይከፍትም። የቋንቋ ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድኩ፤ አማርኛም አፋርኛም የለበትም። ቀጥሎ ወለሉ ላይ መስመር አስምሪ ይላል፤ ዓይኑ የታሰረ ሰው ከግድግዳ እንዳይጋጭ ነው። የእህቴ ሱቅ ጠባብ ስለሆነ መስመሩ ፎቶ ኮፒውን ታክኮ ወንበሩን ዞሮ በሩ ጋ ያልቃል። ከመስመሩ ያለፈ ሰው የሚያየው ዓለም ይጠፋበትና ሱቁ እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ይመጣበታል።

"ሞክሪው" አለችኝ።

"ደክሞኛል። ነገ።"

በማግስቱ ጠዋት ጓዳ ተኝቼ ሳለ በኮምፔርሳቶው ግድግዳ በኩል የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። የአባታችን ወዳጅ የነበረ የአፋር ሽማግሌ ነው። ባቡሩ በደንብ በሚሠራበት ዘመን፣ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ሲገባ ይህ ሰው ከጣቢያው አይጠፋም ነበር። አይሳፈርም፣ የሚቀበለው እንግዳም የለው። የሚመጣው ለዳጉ ነው።

ዳጉ የአፋር የመንገድ ሕግ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከሰላምታው በኋላ ቁጭ ይሉና አንዱ ለሌላው ያለውን ወሬ ይሰጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ፣ መቼ። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ደግሞ ከነተናጋሪው ስም ትላለህ። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደነጠፈ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ከብት የሚነዳው በዚህ ነው። በዳጉ ውሸት የተገኘበት ሰው ከዚያ በኋላ አፍ እንጂ ቃል የለውም። አባቴ ወሎዬ ነበር፤ ግን እንደነሱ አጥርቶ ስለሚናገር ሽማግሌው የሱን ቃል እንደ አፋር ቃል ይወስድለት ነበር።

"ያቺ ልጅ ከሰመራ ገባች አሉኝ። መንገዱን ልጠይቃት ነው" አለ።

"ተኝታለች አባ። ይልቅ እዚህ ይቀመጡ፣ ሀገርዎን ላሳይዎ" አለች እህቴ።

እንቅልፍና ንቃት መካከል ሆኜ ወንበሩ ሲጎተት፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሽማግሌው አንድ ቦታ በስሙ ጠራ፤ ከገዋኔ ወዲህ ከአስፋልቱ ዳር ያለ ሜዳ ነው።

"ያ ጉብታ የኛ ነው። ይህ መቼ ነው?"

"ትናንት ነው አባ።"

"ማን አየው?"

"አንድ ልጅ ነው፣ ዙሪያውን የሚቀርጽ ካሜራ ይዞ።"

"የማን ልጅ?"

"እሱን እንግዲህ አልጠየቅሁትም" ብላ ሳቀች።

ለብሼ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት።

"ምን ይላል፤ ሣሩን አየ፣ አልሃምዱሊላህ አለ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። እንደ ጉድ ነው የተቀመጠው ደግሞ፤ ሌላው ሰው አንገቱ እስኪቀጭ ይዞራል፣ እሱ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ እንዳለ። የጎረምሶች መሳቂያ አልሆንም ብሎ ነው።"

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደሄደ ያወቅሁት። እህቴ በኩራት ነው የነገረችኝ። ሽማግሌው ከበራችን ብዙም ሳይርቅ ከሰል ለሚጭን ሰው ነግሮታል፤ የከሰሉ ሰው አዋሽ አርባ ላይ ለግመል ወተት ሻጯ ነግሯታል፤ ወተት ሻጯ ለከብት ጠባቂዎቹ። እስካሁን ልጁ ጋ ደርሷል አለች።

"የምን ልጁ?"

"ከብቱን የያዘው ነዋ፣ ትልቁ ልጁ። ዘንድሮ ዝናብ መች ጣለ? ያሉበት ሣር አልቆ ወዴት እንንዳ ብለው የአባትየውን ቃል እየጠበቁ ነበር። የተረፏቸው ፍየሎችና ጥቂት ላሞች ናቸው፣ እነሱም አጥንታቸው ወጥቷል። ሜዳው ሁለት ቀን ያስኬዳል አሉ፣ መሃሉ ላይ ውሃ የለም። ግን ሣር ካለ ምን ቸገራቸው? በይ አሁን ተቀመጪ፣ እኔም የተማረ ሰው ሲደነግጥ ልይ።"

ተቀመጥኩና አሰረችልኝ።

እውነቱን ለመናገር አስደንጋጭ ነው። ሣሩ ጉልበቴ ድረስ ነው፣ ነፋሱ ሲያልፍበት ይተኛና ይነሣል። ከፊቴ ጥቁር ጉብታ አለ። እጄን ብዘረጋ እርጥቡን የምነካ መሰለኝ፤ ሹፌሩ ምን ሲዳብስ እንደነበር ገባኝ። ነገር ግን እኔ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም፣ ስብሰባ ላይ እንኳ ወንበሬ ይንቋቋል። ደስታውም እረፍት ነሳኝ። ከጀርባዬ ምን አለ አልኩና ከነወንበሬ ዞርኩ።

ከጀርባዬ አስፋልቱ ነበር። አስፋልቱ ላይ ድልድዩ፣ ድጋፉ ነጭና ጥቁር የተቀባው ድልድይ፣ ሙሉውን ቆሟል። ቢጫ ጄሪካናቸውን ያንጠለጠሉ ሁለት ከባድ መኪናዎች በላዩ እያለፉ ነው።

ያ ድልድይ የለም። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወስዶታል። ሐሙስ ዕለት እኛን የጫነው አውቶቡስ እዚያ ሲደርስ፣ "ውረዱ፣ ይቅለል" ተብለን፣ መኪናው በተለዋጭ መንገዱ እየተንገዳገደ ሲያልፍ እኛ በደረቁ ወንዝ ውስጥ በእግራችን ተሻገርን። ጫማዬ አሸዋ ሞልቶት ነበር። ሴቶች አሸዋውን በሳህን እየጫሩ ውሃ ሲፈልጉ አይቻለሁ። በዙሪያው አንድ ዘለላ ሣር አልነበረም።

መነጽሩን አወለቅሁት። "ይሄ ትናንት አይደለም" አልኳት።

"ትናንት ነው፣ ይኸው" ብላ ገጹን ከፈተችልኝ። እውነትም የትናንት ቀን አለበት።

"ይሄ የተለጠፈበት ቀን ነው። የታየበት ቀን የት አለ?"

"እሱን ማን ይጽፋል እታለም? ሰው የቆየ ነገር ያወጣል፣ ይለጥፋል። ቪዲዮ ነው እኮ።"

"ድልድዩ አለ። ድልድዩ ካለ ከክረምቱ በፊት ነው።"

ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ትናንት አልኩት" አለች። "ማን አየው ሲለኝ ስቄበታለሁ።"

ሻሿን አጥብቃ አስራ ሱቁን ሳትዘጋ ወጣች። ተከተልኳት። ሽማግሌውን መስጊዱ በር ላይ አገኘነው፣ የዐስር ሶላት ሰግዶ ጫማውን ሲያጠልቅ። እህቴ ጀመረችና መሃል ላይ ሻሿን ስትጎትት ነገሩን እኔ ጨረስኩት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠኝም።

"ድልድዩ ወደ ኋላዬ ነበር?"

"አዎ አባ።"

"አልዞርኩም" አለ፤ ለኛ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ፣ "በዓይኔ ልየው" አለና ከፊታችን ቀድሞ ሄደ።

በሩ ላይ የቆሙት ሹፌሮች ሳቅ ጀምረው ነበር። ፊቱን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት። አሁን ወንበሩን ገፋውና ቆሞ መነጽሩን አሰረ። ጉብታውን አየ፣ ሣሩን አየ፣ ከዚያ ዱላውን ተመርኩዞ ቀስ እያለ ዞረ። ሲዞር መስመሩን አለፈ መሰለኝ፣ ፊቱ ወደኛ ሆኖ ቆመ። በግራጫው ውስጥ እኛን አይቶን ይሆናል። ወደ ኋላ ተመለሰና ደግሞ አየ። አውልቆ ለእህቴ በሁለት እጁ ሰጣት፣ እንደ ሰው ዕቃ።

"ቆሟል" አለ። "ተሻግሬበት የማውቀው ድልድይ ነው።"

እህቴ ስልክ መደወል ጀመረች። የልጁ ስልክ አይሠራም፤ ያሉበት ቦታ ኔትወርክ ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው የሚገኘው። የከሰሉ ሰው ወደ ናዝሬት ሄዷል። ሽማግሌው ለአንድ መንገደኛ ነግረን እንላከው ስንለው እምቢ አለ።

"ያ ወሬ ስሜን ይዞ ነው የሄደው። ሌላ ሰው መጥቶ ውሸት ነው ቢላቸው ማንን ያምናሉ? እኔው ነኝ የማገኘው።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም ትሄጃለሽ። በእግርሽ የተሻገርሽው አንቺ ነሽ።"

እሁድ እመለሳለሁ ያልኩት በዚህ ቅዳሜ ሆነ። ያን ምሽት ወደዚያ የሚወጣ መኪና አልነበረምና ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ውስጥ ነበርን። እዚያም ሌላ መከራ፤ ሚኒባሱ ሰው ካልሞላ አይነሣም። ሽማግሌው ከሾፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ በዱላው ወለሉን ያንኳኳል። እኔ መጽሐፌን እከፍታለሁ፣ አንድ መስመር አነባለሁ፣ እዘጋለሁ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር እነዚያ ላሞች አንድ እርምጃ ወደ ባዶ ሜዳ እንደሚራመዱ አስባለሁ። "ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ" እያለ የሚጣራውን ሰው ወርጄ አፉን ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር።

ወሬው ሾፌሩም ዘንድ ደርሷል። በመስታወቱ እያየ፣ "አባ፣ ዛሬ መነጽሩን አልያዙም?" አለ።

"አልያዝኩም። ዛሬ በዓይኔ ነኝ" አለ ሽማግሌው።

አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም ነጋዴ፣ "ሹፌር፣ ሰው ላይ ከመሳቅ የጎደለውን ሁለት ሰው አንተ ክፈልና ንዳ" አለችው። ሳቁና ተነሣን።

አዋሽ አርባ ስንቆም ወተት ሻጯ ሽማግሌውን ባየች ጊዜ ጄሪካኗን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ መጣች። ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ስለሆነ አፋርኛ እሰማለሁ። ሰላምታውን ጨርሳ ዳጉ ትሰጠው ጀመር፤ የሰጠችው የራሱን ወሬ ነበር። እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ ትናንት ጠዋት አዋሽ ላይ አየ፤ ከጉብታው ሥር ሣር አለ፣ የቆመ ሰው ጉልበት ይደርሳል፣ ነፋስ ያስተኛዋል። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ኩባንያው ገጽ ላይ ቢሆን ወሬው እዚህ እስኪደርስ ወንዝ በጨመረ፣ ጎርፍ በጨመረ ነበር። ወሬው ሳይበላሽ መድረሱ ግን ያን ዕለት ምንም አልበጀንም፤ ስሕተቱም አብሮ ሳይበላሽ ደርሷል።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ዳጉ አይቋረጥም። ከዚያ እንዲህ አለ፤ "ያ የኔ ቃል ነው። ዓይን ላይ የሚታሰር ነገር አስረውልኝ አየሁ። ከፊቴ ያለውን አየሁ፣ ከኋላዬ ያለውን አላየሁም። ከኋላዬ ድልድዩ ቆሟል። ሣሩ ድልድዩ ሳይፈርስ የነበረ ነው፣ የዛሬ አይደለም።"

ሴትየዋ ከንፈሯን ያዘች። "እኔ ለልጅህ ነገርኩ። ለሌላም ነገርኩ።"

"ለሌሎቹ ሂጂና ንገሪ። እሱ ነው ያለኝ በይ፣ ስሜን ጥሪ። ልጄ ተነሥቷል?"

"ዛሬ ሳይነጋ።"

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረውም። ሣር በሌለበት መንገድ ላይ እስከዚያ ቀን ያላየሁትን ያህል ፈጥኖ ነዳ። እኔ በግራ፣ ሽማግሌው በቀኝ መስኮት እንመለከታለን። የከሰል ማዳበሪያ፣ የጎማ ቁራጭ፣ የሞተ አህያ። እሾሃማው ዛፍ እስከ አስፋልቱ ጫፍ መጥቶ እይታ ይከለክላል። አንድ ጊዜ አቧራ አየንና ቆምን፤ የመንገድ ሥራ ገልባጭ ነው። ነጋዴዋ፣ "ያ ረቢ" ትላለች በየመሃሉ። መፈለግ የኔና የሽማግሌው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም ተሳፋሪ ዓይኑን መስኮት ላይ ተክሎ ነበር።

ያገኘናቸው ፀሐዩ መክረር ሲጀምር ነው። ፍየሎቹ ከአስፋልቱ ዳር ተበታትነው የደረቀ ቅጠል ይለቅማሉ። ላሞቹ ቆመዋል። አንዷ ተኝታለች፣ ረጅም ጎልማሳ ጭራዋን ይዞ ሊያነሣት ይሞክራል። ሽማግሌው ሚኒባሱ በደንብ ሳይቆም ወረደ። ጎልማሳው አባቱን ሲያይ ጭራውን ለቀቀ።

ሰላምታው እዚያ ፀሐይ ላይም አላጠረም። ከዚያ አባት ለልጁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ፣ ለወተት ሻጯ ያላትን ደግሞ ተናገረ፤ አየሁ፣ ግን አልዞርኩም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "እንግዲህ ወዴት? ከኋላችን ያለው አልቋል።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ጠቆመ። "ሐሙስ ዕለት በመንገዱ የመጣችው እሷ ናት። የጣቢያው ወዳጄ ልጅ ናት። ጠይቃት።"

ልጁ በአማርኛ ነው የጠየቀኝ። "ምን አየሽ? ካየሽው ብቻ።"

የድልድዩን ነገር ነገርኩት፣ ሴቶቹ አሸዋ ሲጭሩ እስከ ክርናቸው ወርደው ትንሽ ውሃ ማግኘታቸውን። ከዚያ፣ "ከዚያ በፊት ደግሞ ግመሎች አይቻለሁ፣ አስፋልቱን ሲያቋርጡ። እግራቸው ጭቃ ነበር" አልኩ።

አባትና ልጅ ተያዩ። "ጭቃው እርጥብ ነው ደረቅ?"

"እርጥብ። ጥቁር ነበር፣ ያብረቀርቃል።"

"የት?"

"ቦታውን አላውቀውም። እያነበብኩ ነበር።" ከዚያ ትዝ አለኝና መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። "ገዋኔ ሻይ ጠጥተን ስንነሣ ይሄን ምዕራፍ ጀመርኩ። ግመሎቹን ያየሁት እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ነው፣ ሾፌሩ ፍሬን ስለያዘ ቀና አልኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ እዚህ ነበርኩ።"

ልጁ መጽሐፉን ከግራም ከቀኝም አየው። የኛ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ መጣ።

"አምጪው" አለ። "ፈጥነሽ ነው የምታነቢው ወይስ እንደኔ በከንፈርሽ?"

"ቀስ ብዬ።"

"አውቶቡስ ነው ሚኒባስ?"

"አውቶቡስ።"

ገጾቹን በአውራ ጣቱ ያዛቸው፤ ከገዋኔ እስከ ግመሎቹ ያሉትን በአንድ በኩል፣ ከግመሎቹ እስከ ድልድዩ ያሉትን በሌላ በኩል። ውፍረታቸውን አስተያየ። "አውቶቡስ እዚያ አካባቢ ፍሬን የሚይዘው ጠመዝማዛው ላይ ነው። ከድልድዩ ይልቅ ለገዋኔ ይቀርባል። የተቆረጠው ኮረብታ ሥር ይመስለኛል።"

"ከየት ወደ የት ነበር የሚሄዱት?" አለኝ ልጁ።

"ከፀሐይ መውጫ በኩል መጡ።"

"የማን ናቸው? አንገታቸው ላይ ምን ምልክት አለ?"

ምልክቱን ለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አልመጣልኝም። ያየሁት እግራቸውን ብቻ ነው።

ሽማግሌው፣ "አላየሁም በይ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ያላየሽውን አላየሁም ማለት አንድ ወሬ ነው።"

"አላየሁም" አልኩ።

ከዚያ እነሱ በቋንቋቸው ፈጥነው ተነጋገሩ። የገባኝን ያህል፣ ከብቱን በእኔ ወሬ አይነዱም። ሽማግሌው ከብቱን ይዞ ሴቶቹ አሸዋ ወደሚጭሩበት ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ልጁ ብቻውን ቀድሞ ኮረብታውን በዓይኑ ያያል። ነጋዴዋ ከሻንጣዋ አጠገብ የነበረውን የውሃ ጄሪካን አወረደችና ለተኛችው ላም አፍ ላይ አፈሰሰችላት። "የኔ ነበር፣ ለመንገድ" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ላሚቱ ምላሷን አወጣች፣ ግን አልተነሣችም።

ሾፌሩ ልጁን ገዋኔ መንገድ ድረስ በነፃ ጫነው። ስንነሣ ሽማግሌው ከላሚቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር። ልጁ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ጠመዝማዛው ላይ፣ "እዚህ ነው?" አለኝ። ኮረብታው በግማሽ ተቆርጦ ቀይ ሆዱ ይታያል። እዚህ ይመስለኛል አልኩት። ይመስለኛል ማለቴን አስተውሎ ራሱን ነቀነቀና ወረደ። መኪናው ሲታጠፍ፣ ኮረብታውን በቀጥታ ሲወጣ አየሁት።

ሰመራ ከተመለስኩ በኋላ ሥራ አልገባልኝ አለ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ቦታ ደረደርኩ፣ ሌላውን ጭራሽ አጣሁት። እህቴ በየማታው ትደውላለች፤ ምን ሰማሽ ትለኛለች፣ ምን ሰማሽ እላታለሁ። መነጽሩን ለሹፌሮቹ ታሳያለች፣ ግን ከማሳየቷ በፊት እሷ አስራው ዙሪያውን ሁሉ ትመለከታለች። "ሰዉ ምን ትፈልጊያለሽ ይለኛል" አለችኝ። አልሳቀችም።

ወሬው የመጣልኝ በበር ጠባቂያችን በኩል ነው። አፋር ነው፣ ለዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጠዋት ቦርሳዬን ሳይፈትሽ፣ "ቁጭ በይ፣ ያንቺ ነው" አለኝና አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አሳየኝ። ወሬውን ከመነሻው ጀመረ፤ ማን ለማን፣ የት፣ በማን አፍ። የመጀመሪያው ስም የሽማግሌው ነበር።

ልጁ ኮረብታውን ተሻግሮ አየ። ዝናቡ የጣለው በጠባብ ቦታ ነው፤ ሣሩ ጣት ቢደርስ ነው። ፍየሎቹን ወሰዳቸው፣ ተርፈዋል። ከላሞቹ ሁለቱ አሸዋው ጉድጓድ ጋ ቀሩ፤ ያቺ የተኛችው ደግሞ ካየሽበት ቦታ አልተነሣችም።

ልጠይቀው የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። "ሽማግሌው አሁን ሲናገር ሰው ይቀበለዋል?"

ጠባቂው ሳቅ አለ። "ይቀበለዋል። ግን ጎረምሶቹ አስቸገሩት። ወሬውን ሲጨርስ፣ 'ከኋላህስ አባ?' ይሉታል።"

"እሱስ?"

"እሱማ" አለ ጠባቂው፣ "ከኋላው የነበረውንም ይነግራቸዋል።"